አሥራ ሁለተኛው ጎድን

ከማታውራ ማዶ ባለው የበግ ቄራ
ሠላሳ አንድ ዓመት በአውራ ጣቱ ሠራ።
አለስተር ይባላል፤ ንግግሩ አጭር፣
ቢላ አያውቅም እጁ፤ ጣቱ ነው ምስክር።
ተገፎ ተሰቅሎ በጉ ሲያልፍ በሰልፍ፣
ካሥራ ሁለተኛው ጎድን ጣቱ ሲያርፍ፣
«ሰባት ሚሊ ስብ ነው» ይላል ቀና ሳይል፤
በዚያች አንዲት ቃል ነው ገበሬ 'ሚከፈል።
ሚስቱ ኢሶቤል ሳለች፣ በአንሶላ ተደብቃ፣
«ጎኔን እንዳትለካ!» ትለው ነበር ስቃ።

ባለፈው ሚያዝያ ሣጥን ይዘው መጡ፣
እርሳስ የለበሰ፣ ጓዳ 'ሚያህል ውስጡ።
ሁለት ዓይነት ጨረር ባንዴ ይተኩሳል፤
ደካማው ሲከለል ብርቱው አጥንት ያልፋል፤
በሁለቱ መሐል ጥላ ይነበባል፦
አጥንት ይህን ያህል፣ ጮማ ይህን ያህላል፣
ቀዩ ሥጋ ደግሞ በነጥብ ይሰላል።
ገበሬው ወደደው፤ በስልክ ቁጥር ይመጣል፤
የቱ አውራ ሥጋውን እንዳወረሰ ያያል።

ናይሪ ናት መሐንዲስ፣ የብልት አውጪ ልጅ፤
አባቷን ጠብቃ ያደገች ከዚያ ደጅ።
«አይከፋህ» አለችው፣ «ተፈታኙ እሱ ነው፤
ያንተ ጣት መዝገብ ነው እኔ 'ማመሳክረው።»

መቶ በግ ገመተ፤ ሣጥኑም መቶ አየ፤
ከዚያ አጥንት ከሥጋ በካራ ተለየ።
ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው እውነቱ ወጣ፦
ስቡን እኩል አዩ፣ ጣቱም ዋጋ አላጣ፤
ግን ሥጋን፣ ግን አጥንት፣ ጣት አይደርስበትም፤
ከጮማ ሥር ያለውን ጮማ አይናገርም።
አለስተር ዝም አለ። ጓንቱን ጣት በጣቱ
አወለቀ፤ ሄደ በዝናብ ወደ ቤቱ።

በሰኔ፣ በውርጭ ቀን፣ ደጁ ላይ ወደቀ፤
ዳሌው በግራ ጎን ተሰነጣጠቀ።
ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ በጀርባው አረፈ፤
የማሽኑ ክንድም በላዩ አለፈ።
ድምፁን ሰማ፤ ለየው፤ ያንኑ ሹክሹክታ፣
በጉ ሲያልፍ የሰማው ጧት ማታ፣ ጧት ማታ።
«በግ መሆን እንዲህ ነው?» አለ ለጣሪያው፤
«ብርድ ብቻ ነው እኮ፤ ምን አለ 'ሚያስፈራው?»

ነርሷ አነበበች ከወረቀቱ ላይ፦
«አጥንትህ ስስ ሆኗል፤ ስብህ ግን ወደ ላይ።»
«ስንት ሚሊ?» ሲላት ነርሷ አልገባትም፤
ሲስቅ ያመው ነበር፤ መሳቅ ግን አልተወም።

መብራቱ ሲጠፋ ጎኑን ዳሰሰና
ዘጠኝ፣ አሥር አለ፣ ጣቱ ያውቃልና፤
ካሥራ ሁለተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈ።
«ሃያ ሚሊ» አለ። ሳይጻፍ አለፈ።