ሰባት ድንጋይ

ዴውማያ ሚዛኗን ሰቅላ ከሱቅ ማገር
ሻንጣ ትመዝናለች ሳትስቅ፣ ሳትናገር።
ከአስራ ሁለት ኪሎ ጭረት ካለፈ ቀስቱ
“ይቀነስ” ነው ቃሏ፤ የለም ይግባኝ ማለቱ።
እሷም አንድ ጊዜ፣ በአስራ ስድስት ዓመቷ፣
ሰላሳ ኪሎ ሩዝ አንጠልጥላ ባናቷ
ይህን ዳገት ወጥታለች፤ ከፀጉሯ መነሻ
የገመዱ ትልም ዛሬም አለ፣ እንደ እርሻ።

እኔ ሱንታሊ ነኝ፤ ብርቱካን ማለት ነው በእኛ።
ከስድስት ሴት ልጆች አምስተኛ።
ዘንድሮ ጀማሪ፣ ገና ተሸካሚ፤
ማታ ማታ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃል ለቃሚ፦
“ቀስ በሉ”፣ “ውሃ ጠጡ”፣ “ራስ ምታት አለ?”
(እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ።)

የደረሰችኝ እንግዳ ሄንድሪካ ትባላለች፤
ስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ከሆላንድ ነው የመጣች፤
አንድ ጉብታ የሌለው፣ ባሕሩ ከመሬቱ በላይ የሚቆም አገር።
(ይህን ስትነግረኝ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።)

የኡሌሪ ደረጃ ከሦስት ሺህ ያልፋል ይላሉ፤
እኔ አልቆጠርኩም፤ ጉልበቶቼ ያውቃሉ።
በቅሎዎች ሲሚንቶ ጭነው፣ ቃጭል እየመቱ አለፉን፤
ከግድግዳው አጣበቁን።
አንዱ ነጂ ዞሮ፣ ቅርጫቴን አይቶ፣
“ወንድ የለም ወይ?” አለ በቅሎውን ገትቶ።
“አለ እንጂ” አለች ዴውማያ፣ እርምጃዋን ሳትገታ፤
“እቤት ልጅ ያስተኛል፤ ሰላምታህን አደርሳለሁ ማታ።”

በመጀመሪያው ቀን ልክ ነበር ሻንጣዋ።
በሁለተኛው ከበደኝ፤ “ረጥቦ ይሆናል” አልኩ “ጫማዋ።”
በአምስተኛው ቀን፣ ከላይ፣ በረዶው ከሚጀምርበት፣
ወገቤ ጮኸ፣ ዘይት እንደራቀው የበር ብረት።
ፈራሁ። ተሸካሚ ከታመመ
ለከርሞ በቦታው ሌላ ሰው ተሰየመ።

ማታ፣ እሷ ምድጃ ዳር ካልሲዋን ስታደርቅ፣
ዚፑን ከፈትኩት፣ እንደ ሌባ ከብርሃን ስርቅ።
ከሱፍ ኮፍያ ውስጥ፣ እንደ እንቁላል ተጠቅልለው፣
ሰባት ድንጋይ።
አንዱ ነጭ ክር የዞረው፣
አንዱ ጉበት የሚመስል፣ ሌሎቹ ግራጫ።
ለካ እስከ ዛሬ
ተራራን ለተራራ ተሸክሜ ኖሯል!
ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ገደሉ ላይ፣ ለቀቅኳቸው፤
እየተንኳኩ ሲወርዱ ብዙ ጊዜ ሰማኋቸው።
ኮፍያው እንዳይጎድል ደረቅ ሳር ጠቀጠቅኩበት፤
እንቅልፌን ተኛሁ፣ ጽድቅ እንደሠራ ሰው፣ ያለ ጸጸት።

በማግስቱ፣ ቀይ አበባ በተነጠፈበት ጫካ ስንወርድ፣
ሄንድሪካ ወሬ ጀመረች፣ ሳልጠይቃት፣ እንደ ዘመድ።
ካርታውን የገዛው ወንድሟ ነው። አስራ አንድ ዓመት
ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መንገዱን በጣቱ ሄደበት።
አሁን ግን (ቃሉን አላወቅኩትም) እግሮቿን ነካች፣
ራሷን ነቀነቀች።
“ከየዳገቱ አንድ አንድ አምጪልኝ” ብሏታል፣ “በእጄ ልያዘው።”
እኔ የማውቀው መልስ “ውሃ ጠጪ” ብቻ ነው።
አልኳት። ጠጣች።

ከዚያ ወዲያ፣ እውነቴን ነው፣ ሳሩ ከበደኝ።

ቢሬታንቲ ደርሰን፣ ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ፣
ወደ ወንዙ ወረድኩ፤ ውሃው በረዶ ነው ራሱ።
እስከ ጉልበቴ ገብቼ ለቀምኩ፦ ግራጫ፣ ክር የዞረው፤
ጉበት የሚመስለውን አጣሁት፤ ቡናማ ወሰድኩ፣ ምን ላድርገው።
ቀና ስል ዴውማያ። ቆማለች ከላዬ።
ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ እየተንቀጠቀጠ ገላዬ።
ኮፍያውን በአንድ ጣት አንጠልጥላ “ሦስት ኪሎ ተኩል” አለች።
ከዚያ ሸለቆውን ወደ ላይ፣ እስከ ማቻፑችሬ በረዶ፣ አየች።
“ይህን ድንጋይ ማን አወረደው እዚህ ድረስ?
ያለ ገመድ፣ ያለ ደሞዝ፣ ሌት ተቀን፣ ሳይመለስ?”
ውሃው ይጮሃል።
“አልዋሸሽም፤ ከላይ ነው የመጡት። ግን ስሚኝ፤
ሲከብድሽ ሳር አትጠቅጥቂ። ንገሪኝ።”

ከዚያ ኮፍያውን ለሄንድሪካ ሰጠቻት፦
“ከዚህ በኋላ እርስዎ ይያዙት።”
ሄንድሪካ ፊቷ ቀላ። ምናልባት ገባት።
በሁለት እጇ ታቅፋው ወደ አውቶቡሱ ሄደች፣
ሾርባ እስከ አፉ እንደሞላ ሳህን፣
እንዳይፈስ፣
ቀስ እያለች።