ምርመራ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ኔቲቮት ማትናስ፣
ማቀዝቀዣው ታሞ እንደ ሰው ሲያስነጥስ፤
ሦስት ረድፍ ሽማግሌ፣ ሁለት ረድፍ እናት፣
እኔ መሀል ቆሜ፣ ምላሴን በሰዓት
ላከራየኋት ልጅ፣ ለቲርጻ ፈረደ፣
ከክኔሴት እጮች ስሟ ለወረደ፣
ከሰባት ተነሥቶ አሥራ አንድ ላይ ሊያርፍ፣
አንድ ቃል ከአፏ በራዲዮ ቢከንፍ።

ቃሉን ደገመችው፣ በዕብራይስጥ፣ ረጋ ብላ፦
ፕሬዚዳንቱ ላይ ምርመራ ይከፈት፤
ጥፋት ከተገኘበት ከወንበሩ ይነሣ።

«ምርመራ» አልኩ እኔ፣ ሌላ ቃል አጥቼ።
ወይዘሮ እንጉዳይ ነጠላቸውን ሰብስበው፣
«ምነው ልጄ፣ ታመመ? ደሙን ነው? ስኳሩን?»
አዳራሹ ሳቀ። ቲርጻም ሳቀች፣
ትርጉሜን ሳትጠብቅ።
አማርኛ ለካስ ታውቃለች፣ ታፍርበት ነው እንጂ፤
የአባቷ ቋንቋ ነው፣ የጓዳና የለቅሶ።

«በሽታስ አይደለም፣ የፍርድ ጉዳይ ነው፤
ስለ አንድ ፊርማና ስለ አንድ ስጦታ ነው።»

ይሄኔ አያ ጓዴ ከዘራቸውን ተክለው፣
ከኋላ ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦
«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!
አባትሽም ያውቋት ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር።
እኛ እንግዶች ነን፣ ገና በአርባ ዓመታችን፤
ዛሬ እሱን ከሰን፣ ነገ ማን ደጅ ልናለቅስ?»

ተረጎምኩት። አለዝቤ።
«ፈርተናል» ያሉትን «ያሳስበናል» አልኩት።

ቲርጻ ማይኩን አስቀመጠች።
በዚያ በሚያነክስ አማርኛዋ፣
«እኛን ያልጠየቀ ማን አለ?» አለች።
«ጎንደር፣ ካምፑ በር ላይ፦ የእናትሽ እናት ስሟ ማን ነው?
እዚህ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፦ ስሟ ማን ነው?
ረቢው ፊት፦ ስሟ ማን ነው? ምስክር አምጪ።
አባዬ ሲያገባ ጠየቁት፤
ሲሞት፣ የመቃብሩ ጸሐፊ እኔን ጠየቀኝ።
ደም ሰጠን፣ ስለ ደማችን ተጠየቅን።
እሱ አንድ ቀን ቢጠየቅ
ወንበሩ ይሰበራል?»

ማቀዝቀዣው ብቻ አስነጠሰ።

አያ ጓዴ አልተቀመጡም። መስኮቱን ያያሉ።
«ሰማዩስ...» አሉና ቃላቸውን ዋጡ።
ያ ሳይረን የጮኸ ለት፣ እኚህ ገበሬ
ደረጃው ስር አልገቡም፤ ቀና ብለው ቆጥረዋል፣
ነጭ ትልም በትልም፣ ከወዲያ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ላይ።
«ሰማዩስ ታርሷል፤ እኔው አይቻለሁ፣ በዚሁ ጣሪያ ላይ።»

ሁለተኛውን ስንኝ ግን አላሉም።
ከዘራው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ዝም።

«ተጠየቅ!»
ማን እንዳለው አላየሁም፤ የእንጉዳይ ድምፅ መሰለኝ።
«ልጠየቅ!» አሉ አያ ጓዴ፣ ሳያስቡት፣
በዛፍ ጥላ ሥር ጎረምሳ ሳሉ ሙግት እንደገጠሙበት፣
ወዲያው ደነገጡ፣ አፋቸውን በመዳፍ ያዙ።
ያጣሁት ቃል እሱ ነበር።

ይመርጧት አይመርጧት እንጃ።
ፓርቲው ስምንት ቢያገኝ ነው ይላሉ፣ እሷ አሥራ አንደኛ ነች።
ወንበሮቹን ስንደራርብ ጥበቃው መብራት አጠፋብን።
ቅጹ ላይ፣ «የተተረጎመ ሰዓት» በሚለው ፊት፣
በስልኬ ብርሃን «ሁለት» ብዬ ፈረምኩ።
ያን ያህል ግን አልተረጎምኩም።