ፊኛ

አፉላ ጠዋት ነው፤ ሸለቆው ጉም ለብሶ፣
ታቦር በመስኮቱ አናቱን ተንተርሶ።
«ያም ታቦር፣ ይሄም ታቦር» አለች ዋጋዬ ተጋድማ፣
«እናቴ እዚያኛው ግርጌ ነው የወለደችኝ፣ በክረምት፣ በጨለማ።»

እኔ ነርስ ነኝ። ክር አቀብላለሁ፣ መቀስ አቀብላለሁ፣
ሲያስፈልግ ቋንቋም አቀብላለሁ።
ዶክተር ናዲም ሥዕል ይስላል በወረቀት ጀርባ፦
እዚህ ማህፀን፣ እዚህ ሦስቴ የተከፈተው ስፌት፣
እንግዴ ልጁ በዚያው በኩል ሥር ሰድዶ ገባ።
«ንገሪያት» ይለኛል፣ «ከፊቱ ሻልፑሒት አለች፣ ተጣብቃለች፣
ቆዳዋ ስስ ነው፣ ከቸኮልን ትቀደዳለች።»
ሻልፑሒትን በአማርኛ ፈለግሁ። «ፊኛ።»
ዋጋዬ ሳቀች፦
«ልጆቼ ለልደት የሚነፉት? እሱ ነው ሆዴ ውስጥ የተኛ?»
ሳቋ አጭር ነበር።
«ማህፀኑስ?»
ናዲም እርሳሱን አስቀመጠ። ቃሉን እኔ ተሸከምኩት፦
«ይወጣል፣ እህቴ። እንግዴ ልጁም አብሮት።»

ይህን ስም ማን አወጣው ይሆን?
እንግዳ ነው፣ ልጅም ነው፤ ወራት የምናስተናግደው፣
ሕፃኑን ሸኝቶ፣ ተከትሎ የሚሄደው።
ይሄኛው እንግድነቱን ረሳ፤
ገባ በጠባሳ፣
መሠረት ቆፍሮ፣ ግድግዳ ሰርስሮ፣
የጎረቤት አጥር ነቀነቀ፣ ደም ሥሩን በላዩ አስሮ።

ማደንዘዣው ወሰዳት። መብራቱ ወረደ።
ከላይ ነው የከፈቱት፣ ከእንግዴ ልጁ ርቀው፤
ሕፃኗ ወጣች፣ ጮኸች፤ እትብቷን አስረው
እሱን ግን አልነኩትም። ማንም እንዳይጎትተው!

ከዚያ ናዲም፦ «ውሃ።»
ላሪሳ ከታች በቀጭኑ ቱቦ፣ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር፣ ለብ ያለ፣
ቀስ አድርጋ ሰደደች፤
የጠፋው ወሰን ከደም ሥሮቹ መሐል ቀና አለ።
ፊኛው ተነፋ፣ ጠርዙ ወጣ፣
ሣር የዋጠው የድንበር ድንጋይ
ሣሩ ሲታጨድ እንደሚታይ።

«አትጎትቱ» አለ። «እጅ አይቸኩል፤
መሐሉ እንቢ ካለ እንሂድ በጎን በኩል።»
አንዱን ሥር አሰረ፣ ቆረጠ። አንዱን አሰረ፣ ቆረጠ።
ሠላሳ አንድ ክር ቆጠርኩ።
አንድ ቦታ ላይ መቀሱ ቆመ፦
ከስሱ ቆዳ ሥር የውሃው ጥላ ይታያል፣
ከመጋረጃ ጀርባ የሚያልፍ ሰው ይመስላል።
ናዲም ትንፋሹን ዋጠ። መቀሱን መለሰልኝ።
«እዚህ አልገባም» አለና ዞረ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጤነኛው ሥጋ።
ድፍረት ማለት እጅ መሰንዘር ይመስለኝ ነበር፤
ያን ቀን ግን አየሁት፣ እጁን ሲሰበስብ፣ ሳይወጋ።

ማህፀኑ ወጣ፣ እንግዳውን እንዳቀፈ።
ላሪሳ ውሃውን ወደ ከረጢቱ ለቀቀችው፤
ሁላችንም ወደ ወለሉ አጎነበስን።
ጥርት ያለ። ቀይ የሚባል የለበትም።
ናዲም ምንም አላለም፤ ጀርባውን ብቻ ቀና አደረገ።

ቀናት አለፉ፣ ቱቦው ተነቀለ።
ዋጋዬ ግድግዳ ይዛ ወደ መጸዳጃ ገባች።
አድማሱ ኮሪደሩ ላይ የሕፃኗን አልጋ ይገፋል፣
ትልቁ ልጃቸው የላከውን ቀይ ፊኛ
ክሩን በጣቱ ጠምጥሞ፤ ሲራመድ ይከተለዋል።
እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ።
ዝም።
ዝም።
ከዚያ ከበሩ ማዶ ውሃ ወረደ፣
መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ ኋላ ሳይቋረጥ።
«ሰማሽ?» አለችኝ ከውስጥ።
«ሰማሁ።»
«ቤቱ ፈረሰ እንጂ፣ ጎረቤቱስ ተርፏል።»
ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም፤
ማጠቢያውን ለቅቃው ድምጿን ዋጠው።