የዘይቱን ውስጥ

ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ጓሮ፣
ኮሞዲኖ ገዛሁ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ።
ቁምሳጥንም ጨመርኩ፣ በሩ ተንጋዶ የሚያዛጋ፣
«የጣሊያን ጊዜ ነው» አለ ሻጩ፣ ሊሰቅለው ዋጋ።
የጣሊያን ይሁን የጎረቤት፣ ምን ቸገረኝ፤
ዋንዛ መሆኑን ጥፍሬ ነገረኝ።

ጋሪው የፒያሳን ዳገት ሲያቃስት፣ ሲያዘግም፣
«ለሙሽራ ነው?» አለኝ ባለጋሪው። «አይደለም፣
ለልጅ ነው።» «የእርስዎ ልጅ?» መልስ አጣሁለት፤
ከግንቡ ዝምታ ጥቂት ተበደርኩለት።

ምንታምር የባሌ ናት፣ ከፊተኛው ትዳር፣
ደባርቅ ያደገች፣ ከእናቷ እህት ጋር።
«የእንጀራ እናት» የሚሉት ስም ከእኔ ቀድሞ ደርሶባታል፣
በየተረቱ ጥርሱን አሹሎ ምን እንዳስተማራት እሱ ያውቃል።
ስደውል «ደህና» ናት፣ «እሺ» ናት፤ ከዚያ በላይ የላት።
አንድ ማታ «ክፍልሽ ምን ቀለም ይሁን?» ስላት፣
ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
«ዘይቱን» አለችኝ።
«ውጪውን አይደለም፤ ውስጡን።
ሲገመጥ የሚታየውን።»

ያቺን ቃል ይዤ ቀለም ቤት ለቀለም ቤት ዞርኩ።
ናሙናው ሮዝ ነው፣ ጡብ ነው፤ አንዱንም አላመንኩ።
በመጨረሻ ዘይቱን ገምጬ አሳየሁት ከነፍሬው፤
ሻጩ ሳቀ፤ ነጩ ላይ ቀይ፣ ቀዩ ላይ ብጫ ጠብ አድርጎ አማሰው።

ጋሽ ደርሶ የጎደለውን እግር ከወይራ ጠረበልኝ፤
«ከዋንዛው ጋር ዘመድ አይደሉም» አለኝ፣
የተረፈውን ኮላ በአውራ ጣቱ እየጠረገ፣
«ግን እግር ዘሩን አይጠየቅም፤ ከተሸከመ፣ ሌላ ምን ተፈለገ?»

እኔ ቁምሳጥኑን በረንዳ ላይ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣
ሦስት ቀን ፋቅሁት። ከላይ ቡኒ፣ ከሥሩ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት
አረንጓዴ፤ ከዚያ የክሊኒክ ክሬም፤ ከዚያ ሰማያዊ።
ስንት ቤት ገብቶ ወጥቷል ይሄ ጠንካራ ሰውነት!
ጌጡ ከሥራ ሲገባ ቅንድቤን አቧራ ሸፍኖት አየና
«አሮጊት ነው ለካ ያገባሁት» ብሎ ሄደ፣ ሻይ ሊያፈላ።

በአራተኛው ቀን በግራ ጎኑ፣ ከሰማያዊው ሥር፣
የእርሳስ ጭረት አገኘሁ፤ ጎኑ ላይ ደብዛዛ ቁጥር።
ማንደፍሮ፣ ሦስት ዓመት። ማንደፍሮ፣ አራት።
አምስት። ስድስት፤ ይሄኛው ተንሻፏል፣ ልጁ ስቆ ይሆናል ያን ለት፣
ወይ ተረከዙን አንሥቶ። ሰባት።
ከሰባት በላይ የለም። እንጨት ብቻ፣ ጥርት ያለ እንጨት።

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ፤ ጠብታው እግሬ ላይ ወረደ፤
ሙሉ ቁምሳጥን ያልከበደኝ፣ አንድ ስንዝር ከበደ።
ዙሪያውን በፕላስተር ከልዬ ቀሪውን ሁለት እጅ ቀባሁ፣
መጋረጃውን የዘይቱን ቅጠል አስመስዬ ገዛሁ፣
የዛጉትን እጀታዎች በሎሚና በአመድ አሸሁ።

እሑድ መጣች፣ ከደባርቅ ሚኒባስ ወርዳ፤
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል፤ በሩ ላይ ቆመች እንደ እንግዳ።
አልጋውን፣ ኮሞዲኖውን፣ መጋረጃውን ቃኘች፣ እስከ ጣሪያ።
«ይሄ ዘይቱን አይደለም» አለች። «ይሄ ፓፓያ።»

ጌጡ ሊቆጣት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።
እውነቷን ነው፤ ሲደርቅ ብጫው አይሎ ነበር፣ አይቼም ዝም አልኩት።

ጣቷ በጭረቶቹ ላይ አንድ በአንድ ወጣ።
«ማንደፍሮ ማነው?» «አላውቅም።» «ከሰባት በኋላስ? ምን መጣ?»
«ቤት ለቀው ይሆናል» አልኩ፤ የቀለለውን መልስ መረጥኩ፤
አየችኝ፣ ቀላል መልስ ሲሰጣት እንዳደገች። አፈርኩ።

ከዚያ የኮሞዲኖውን መሳቢያ ሳበች፤ እምቢ አለ፣ ነከሰ።
እኔ ሻማ ቀብቼው፣ ሳሙና ቀብቼው፣ ጥፍሬ ላዩ ላይ ፈረሰ።
እሷ ግራውን ጥግ በቀስታ ወደ ላይ አነሣች፣
በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ሳበች።
ተከፈተ።
«የእናቴም እንዲህ ነበር።» ካልሲዎቿን ደረደረች፣
ዘጋችው።
ፊቷን ሳታዞር፣ «ነይ፤ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አለች።