ለተረኛዋ

ይቺን ወረቀት ከሩዙ ጆንያ ሥር ነው የምተውልሽ፤
ስምሽን አላውቅም፤ እጅሽን ግን አውቀዋለሁ፣ ገና ሳላይሽ።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው በር እልፍ ስትዪ፣
አራት እርምጃ የምታህል መሬት አለች፤ አትሳቂ፣ ደህና አድርገሽ እዪ።
ስደርስ አሸዋ ነበረች፣ የዛገ ብስክሌት የተጋደመባት፣
አንዲት ግራጫ ድመት በየዓመቱ የምትወልድባት።
የድንች ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቄ አበላኋት፣ በሌሊት።

ሐምሌን ፍሪ።
እኛ ዘንድ ሐምሌ ጭቃ ነው፣ የሚያዳልጥ፣ የሚያስነጥስ፤
እዚህ ሶሃር ባሕሩ ራሱ ያልበዋል፣ አየሩ እርጥብ ብርድ ልብስ።
በቀን የቧንቧውን ውሃ እንዳትሰጫት፤ ሻይ ያፈላል፤
ሥሩ ተቀቅሎ ሳለ ቅጠሉ እስከ ማታ «ደህና ነኝ» ይላል።
(እኔም ከቤት ስልክ ሲደወል እንደዚያው ነኝ። ትለምጂዋለሽ።)

ከንጋት አዛን በፊት ተነሺ፤ ያን ጊዜ ነው ውሃው የሚበርደው።
ከኤሲው ቱቦ ሥር የአይብ ቆርቆሮ አለልሽ፣ ጠብ ጠብ ሲልበት የሚያድረው፤
እስኪነጋ ይሞላል፤ ጨው የለውም፤ ማንም አይቆጥረው።

ቲማቲሙ አይተርፍም፤ አታልቅሺለት፤ በሰኔ ይነቀላል።
ቃሪያውን ግን ከወገቡ ቁረጪው፤ የሞተ ይመስላል፤
የማዳምን አሮጌ ሻሽ አጥልቂለት፤ በጥቅምት ይነሣል።
ባሚያዋን ተያት፤ እሷ ሙቀት ነው ቀለቧ፤
በቀን አንድ ጣት ትረዝማለች፤ አበባዋ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ልቧ።
አንድ ቀን ሳትቆርጪያት ካደርሽ እንጨት ናት፤ ለዘር ተዪያት፤
ስትደርቅ በእጅሽ ወዝውዘሽ፣ በጆሮሽ አስጠግተሽ ስሚያት።

የቀረውን መደብ አርሼ፣ አጠጥቼ፣ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤
ጠርዙን በግንብ ስባሪ ጭኜዋለሁ።
በሥር የሚገባውን ትል እንዲፈጅ ነው።
አርባ ቀን ያቺ ያነደደችን ፀሐይ ለኛ ትሥራ፤
አንዴ እንኳ እሷ ትታዘዝ፤ የኛ ይሁን የአሠሪነት ተራ።
ድመቷ እላዩ ላይ ስትተኛ አባሪያት፤ ጥፍሯ ይቀደዋል።
ሱሄል ሳይወጣ ደግሞ እንዳትገልጪው።

ሱሄል ማን ነው ትዪኝ ይሆናል።
ሸይባው፣ የማዳም አባት፣ ዐይኑ አያይም፤ ባሕር ነው የበላው።
በየንጋቱ በመስኮት «ሱሄል ወጣ?» ይላል። መጀመሪያ ጊዜ ሰው መስሎኝ በር ከፍቼ አየሁለት፤
ሳቀ፣ ያለ ጥርሱ፤ ለካ ኮከብ ነው፣ ሙቀቱ መሰበሩን የሚያሳውቅበት።
በነሐሴ ማለቂያ፣ ሊነጋ ሲል፣ ከቴምሩ በስተግራ፣ ከግንቡ ጫፍ ዝቅ ብለሽ ፈልጊው፤
ካላየሽው አትዋሺው፤ ቀን ይቆጥራል፤ «ገና ነው» በዪው።
ዘንድሮ የኔ ትኬት ለነሐሴ አሥር ተቆርጧል፤
ሱሄል ሳይወጣ እወጣለሁ፤ ለሸይባው ማን ይነግረዋል?

ዘሩ በመድኃኒት ብልቃጥ ነው፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ፤
ቆስጣ፣ ካሮት፣ በካልሲ ጠቅልዬ ያመጣሁት የሐበሻ ጎመን፣ ሌላም ሌላ።
የቲማቲሙን ፍሬ በእንቁላል ካርቶን ዝሪው፣ መተኮሻው ክፍል፣ ኤሲ ባለበት፤
መስከረም ሲጋመስ ወደ ደጅ አውጪው፣ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ለአንድ ሰዓት።
ማዳም ታያለች፤ አላየሁም ትላለች፤ ሰላጣውን ትበላለች።
አንቺም ዝም በያት። ሰላጣው እየቀረበ ዝምታው ይበቃል።

ቃሪያው ሲያፈራ አልኖርም። የመጀመሪያውን ለሸይባው፣
ሁለተኛውን ላንቺ። አፍሽን ቢያቃጥልሽ እኔን አትርገሚ፤
ዘሩ ነው።

ጦይባ

ሌላው፦ ከበሩ ጥግ ያለችው ባሚያ ያረጀች መስላሽ እንዳትቆርጪያት።
ለከርሞ ነው ያቆየኋት።