ልክ

ጠበቃው ቃሉን ይጥቀስ፣ ጓዱ ዝናውን ያውራ፣
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምስክሬ ሜትሬ ነው፣ ከነቁጥሩ በተራ።
ደረቱን፣ ትከሻውን፣ የወገቡን ዙሪያ
ጽፌ አኑሬያለሁ፤ ከከሲታ ልጅነቱ፣ እስኪገንን በሩስያ።

ኢቫኖቮ ነበርን። የጥጥ ፋብሪካው ሲከስር
ለሸማኔ ሴቶች ደሞዛቸው አንሶላ ነበር።
ካፒቶሊና መጣች፣ አንዱን አንሶላ ታቅፋ፣
ከኋላዋ ልጇ ግሌብ፣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ አንገቱን የደፋ።
«ሸሚዝ ይውጣለት» አለች፤ «ለትምህርት ቤት፣ ሰፋ ያለ፤
ያድጋል፣ ይሞላዋል፣ እግዜር ካለ።»
ደረቱ ሰባ ስድስት። ግራ ትከሻው ግን ዘቅዝቋል፤
ከቀኙ ሁለት ሳንቲም ያንሳል። ልጁም ያውቃል።
ስነካው ተሸማቀቀ።
ጥጥ ጠቀጠቅሁበት፤ ከውስጥ፣ እንዳይታይ፤
ከመስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያን ቀን ነው ራሱን ሲያይ።

ጥጡ የኛ ነበር፤ የፈርጋና ማሳ፣
እናቴ ጎብጣ የለቀመችው፣ በመስከረም ፀሐይ ስትከሳ።
ይህን አልነገርሁትም። ማን ከልብስ ሰፊ ታሪክ ይጠይቃል?

ዓመታት ቆይቶ መጣ፤ በጓሮ በር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ሃያ ጥቁር ሸሚዝ፣ ክንዱ ላይ ምልክት ያለበት።
«ኢሊያ» ይለኛል፤ ኢልሆም ማለት ለአፉ ከበደው፤
በዋጋ ግን አይከራከርም፤ ቆጥሮ ሰጥቶ ነው የሚሄደው።
ማግሥቱን አደባባይ፣ መኪና ላይ ወጥቶ፣ በድምፅ ማጉያ፦
«ሩስያ ለሩስያዊ! መጤው ይውጣልን! ጓዙን ይያዝ በጉያ!»
እኔ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሜ ምን አየሁ? ኮሌታውን።
ጥሩ ተቀምጧል ብዬ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፤ ረስቼ የሚለውን።

በዚያው ሌሊት መስታወቴን ሰበሩት። ስድስት ልጆች፣
የገበያውን ሐብሐብ ሻጭ ደብድበው የመጡ እጆች።
ሲሮጡ ከኋላ አየኋቸው፣ በመንገዱ መብራት፤
የጀርባው ስፌት የኔ ነው፤ ድርብ፣ ቀጭን፣ ያለ ስህተት።
ሰው ጠላቱን በፊቱ ያውቃል። እኔ በስፌቴ አወቅሁ።
ፖሊስ «ማን ነው?» ሲለኝ፣ ክር በጥርሴ በጥሼ ዝም አልሁ።

ተመረጠ። ሞስኮ ገባ። ወገቡ መቶ ዐሥራ ሁለት።
በየሦስት ወሩ ሹፌር ይልካል፤ ጨርቁ ከጣሊያን፣ ሰፊው ከምድር ቤት።
በቴሌቪዥን ጠረጴዛ ሲደልቅ፣ ጣቱን ሲቀስር፣
«ቀጥ ያለ ሰው!» ይላል ጎረቤቴ ፓንክራት፣ ሻዩን ሲያማስል በስኳር።
ቀጥ ያለው ጥጡ ነው፤ አልሁ በልቤ፤ የፈርጋና ጥጥ፣
«መጤ ይውጣ» በሚለው ትከሻ ላይ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚቀመጥ።

ከዚያ ያለውን ጋዜጣ ያውቃል፤ የጓዶቹ ክዳት፣ ክሱ፣
ሁለት ክረምት እስር ቤት፣ ሳሉ፣ ደም ይዞ መመለሱ።
ወገቡ ዘጠና። ከዚያ ሰማንያ አንድ። «አጥብበው» አለኝ።
አጠበብሁ። «ልክ ነበርሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።
አፌ መርፌ ይዟል። አልመለስሁለትም።
ልክ እኔ ዘንድ ቁጥር ነው፤ ሌላ ልክ አላውቅለትም።

የሞተ ዕለት ካፒቶሊና መጣች፣ ሱፉን በአንሶላ ጠቅልላ፤
ያው የደሞዝ አንሶላ ነው፤ አስቀምጣው ኖራ፣ ከሌላው ነጥላ።
«ለሣጥኑ ነው» አለች። «ጓዶቹ ባንዲራ ያመጣሉ፣
ቀጥ ብሎ ኖሮ ሞተ ብለው መቃብሩ ላይ ያወራሉ።
አንተ ግን ጥጡን አውጣልኝ፤ እንደ ወለድሁት ይተኛ፤
ልጅ ሆኖ ሲያተኩሰው ያችን ትከሻ ነው የሳምሁ፣ እኔና እሱ፣ ብቸኛ።»

በትንሿ መቀስ ፈታሁት። አንድ ጭብጥ፣ ወይቦ፤
ከልብስ ወደ ልብስ ሳዛውረው ኖሬ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ላቡን ጠጥቶ፣ እንደ ድንጋይ ተሰብስቦ።

ቀብሩ አልሄድሁም። ከአጥሩ ማዶ መዝሙር ይሰማ ነበር።
ጥጡን መጣል አቃተኝ፤ በቁራጭ ጨርቅ ሸፍኜ
መርፌ መሰኪያ አደረግሁት፣ በጠረጴዛዬ ዳር።
እሰካበታለሁ፤
አይጮህም።