ሊማ ያልደረሰበት

ሰኞ ጧት አንማው ሞተሩን ጭኖ መጣ፣
በጋሪ፣ በገመድ፣ እምቦጩ ካፉ ሳይወጣ።
ዘጌ ደርሶ መልስ ነው፣ ጀልባ ነው የሚገፋ፤
ቅዳሜ መሀል ጣና ጤሶ ጤሶ ጠፋ።
ሰርገኛ ጭኖ ነበር፤ በታንኳ ተጎተተ፣
ሙሽራውም ነዳጅ ነዳጅ እየሸተተ።

«ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል» አልኩት ዘይቱን አሽትቼ፤
«ግን የምን ሞተር ነው? ምኑን ልግዛ አይቼ?»
«የጃፓን!» አለኝ፣ እንደ ልጅ አባት ኮርቶ፤
«ሻጩ ምሎልኛል፣ ደረቱን ሦስቴ መትቶ።»
በላስቲክ የጠቀለለውን ሊብሬ አወጣ፤
ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣ።
የነበረበትን ቦታ አንድ እጅ ሞርዶታል፤
እንደ ተላጨ ራስ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

ግን ሊማ የያዘ እጅ ውጪውን ነው የሚያውቀው፤
ሆድ የገባን ምልክት ማን ያስለቅቀው?

ኮፓውን ፈታሁት፤ ጥቁር ዘይት ዘነበ፣
ከዘይቱ ሥር በጨርቅ ስጠርገው ተነበበ፦
ትንሽ ክብ፣ በክቡ ዙሪያ የነጥብ ጥርስ፣
ዓመትና ወሩ፣ ያኔ ብረቱ ሲፈስ።
የልደት ካርዱ ነው፤ ቀበሌ ያልሰጠው፣
ጉቦ ያልገባበት፣ ማንም የማይለውጠው።

ፒስተኑን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ላይ ሌላ ፊደል፤
ቢዬላው ጎኑ ላይ ሌላ አገር፣ ሌላ ክልል።
ብሎኩ እውነትም ጃፓን፣ ፒስተኑ ኮሪያ ነው፣
ኩሽኔታው ሕንድ ይላል፣ የውኃ ፓምፑን ተወው።
አንማው ፊቱ ጠቆረ፤ «ታዲያ የማን ልበለው?»

ቆይ።
የቢዬላዎቹ ቆብ ላይ በቡሊኖ የተመቱ ነጥቦች አሉ፤
አንደኛው ላይ አንድ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ሦስት።
ፋብሪካ እንዲህ አይመታም።
የመጨረሻዋ ነጥብ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሸሻለች፣
ከሰልፍ እንደወጣች ተማሪ።
ይህን እጅ አውቀዋለሁ።

ማስተር ላቀው። ከአባይ ድልድይ ወዲህ፣ የቆርቆሮ በር።
ቀኝ ዓይኑን የብረት ብልጭታ ከወሰደው ጀምሮ
ቀጥ አርጎ መምታት አቅቶት
«ፊርማዬ ነው» እያለ ይስቅ ነበር፤
«ባንክ አይቀበለኝም እንጂ ሞተር ይቀበለኛል።»
እኔንም፦ «አንቺ ልጅ፣ ነጥብ እንዳትረሺ።
ቆቡ ከሰው ቢዬላ ከተጋባ ቤት ይፈርሳል።»
ከሞተ ስድስት ዓመቱ።

ምናልባት ያን ቀን መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ።
ምናልባት ይህን ሞተር በእጄ አጥቤዋለሁ፣
እሱ ታክሲ ሳለ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ሁለታችንም ሳንሞረድ።

«ምን አገኘሽ?» አለ አንማው።
የውኃ ፓምፑን ስከፍት የእምቦጭ ሥር
እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ ወጣ፤
እሱም ከየት እንደመጣ አይናገርም፣
ሐይቁን ግን የኔ ብሏል።

ምን ልበለው?
ኪያቤ እላለሁ፣ ካቻቢቴ እላለሁ፣ ቡሊኖ እላለሁ፤
ከአፌ የሚወጣው ሁሉ የጣሊያን ማኅተም አለበት።
ማስተር ላቀውን ግን በዚሁ አፍ ነው ያለቀስኩት፤
አንድም ቃል አልገጥም አላለኝም።

«የጃፓንም፣ የኮሪያም፣ የሕንድም ነው» አልኩት፤
«የባሕር ዳርም ነው።
ከየት ነህ ያልኩት ልፈርድበት አይደለም፤
ጓርኒሲዮን ስገዛ ቀዳዳው እንዳይዛነፍ ነው።»
ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ፦
«ስሸጠው ግን ጃፓን ነው የምለው» አለ።

አራተኛው ቆብ ባዶ ነበር፤
ማን ቀይሮት፣ ማን ሳይፈርምበት እንደሄደ እንጃ።
ይሄነው ቡሊኖውን አቀበለኝ፤ መዶሻውን ለካሁ፤
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሁለቱም ዓይኖቼ ደህና ናቸው፣
ውጪ ጣና ላይ ነፋስ የለም፣
አራተኛዋ ግን
ወደ ግራ ሸሸች።